የማንኩሽ መንገደኛ የአልጋና የምግብ በጀት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ማንኩሽ ደርሶ የሚመለስ ተጓዥ፣ ቦርሳውን አዝሎ በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄድ ከሆነ፣ ወጪው በሦስት ይከፈላል፤ መሳፈሪያ፣ አልጋና ምግብ። መሳፈሪያው መናኸሪያ ላይ ተጠይቆ ይታወቃል። አልጋና ምግብ ግን በየከተማው፣ በየወቅቱና በየጾሙ ስለሚለያዩ አስቀድሞ ካልተሰላላቸው ኪስ የሚያራቁቱት እነሱ ናቸው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ማንኩሽ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ ወረዳ ነው። በግንባታው ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች፣ ሾፌሮችና ነጋዴዎች በአካባቢው ተመላልሰዋል። ዛሬም ግድቡንና ከኋላው የተኛውን ንጋት ሐይቅ ለማየት የሚመኘው ብዙ ነው። ወደ ግድቡ ግቢ ለመግባት ግን አስቀድሞ የተገኘ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን ማንኩሽ ደርሶ ለማግኘት የሚሞክር ሰው በየቀኑ የአልጋና የምግብ እየከፈለ ይጠብቃል። ስለዚህ ፈቃድን አዲስ አበባ ሆኖ መጨረስ ራሱ የበጀት ጉዳይ ነው።

አዳርን መቁጠር

የመጀመሪያው ሥራ ወረቀት አውጥቶ ሌሊቶቹን መደርደር ነው። ብዙ ተጓዥ «በቀን ይህን ያህል ይበቃኛል» ብሎ ይነሳና ገንዘቡን በቀናት ያካፍላል። በዚህ መንገድ ላይ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ወጪውን የሚወስነው ቀኑ ሳይሆን ሌሊቱ የሚያልፍበት ከተማ ነው። እንጅባራ ላይ የታደረ ሌሊትና ማንኩሽ ላይ የታደረ ሌሊት በዋጋም፣ በምቾትም፣ በሚያስከትሉት ተጨማሪ ወጪም አይመሳሰሉም።

የተለመደው መስመር በጎጃም በኩል ነው። ጎሐ ጽዮን፣ የዓባይ በረሃ፣ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ እያለ እንጅባራ ይደርሳል። ከዚያ ዋናውን የባሕር ዳር መንገድ ትቶ ወደ ምዕራብ ይታጠፍና በቻግኒ አድርጎ ወደ መተከል ዞን ዋና ከተማ ግልገል በለስ፣ ቀጥሎ የዳንጉር ወረዳ ከተማ ወደ ሆነችው ማንቡክ፣ በመጨረሻም ወደ ማንኩሽ ይወርዳል። በማለዳ የተሳፈረ ሰው መንገዱ ካልተሰናከለ የመጀመሪያውን ሌሊት እንጅባራ፣ ሁለተኛውን ግልገል በለስ፣ ሦስተኛውን ማንኩሽ ማደር ይችላል። ከዚህ ያነሰ አዳር ማቀድ ገንዘብ ይቆጥባል ተብሎ የሚታሰብ ቢሆንም ውጤቱ ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ነው። መሽቶ የደረሰ እንግዳ የቀረውን አልጋ በተጠየቀው ዋጋ ይይዛል፤ ሌላ ቤት ለማየት ጊዜም ጉልበትም የለውም።

ሁለተኛው መስመር በወለጋ በኩል አምቦን፣ ነቀምቴን፣ ጊምቢንና መንዲን አልፎ በባምባሲ ወደ ክልሉ ዋና ከተማ ወደ አሶሳ የሚወስደው ነው። ከአዲስ አበባ አሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ነቀምቴ ላይ ያድራል። አሶሳ በአውሮፕላንም ይደረሳል። የአየር ትኬት ውድ ቢመስልም ንጽጽሩ መደረግ ያለበት ከአውቶቡስ ትኬት ብቻ ጋር ሳይሆን ከአውቶቡስ ትኬት፣ ከመንገድ ላይ አዳርና ከመንገድ ላይ ምግብ ድምር ጋር ነው። አሶሳና ማንኩሽ በአንድ ክልል ይሁኑ እንጂ ዓባይ በመካከላቸው ያልፋል፤ አንዱን ያየ ሰው ሌላውን በግማሽ ቀን ደርሼ እመለሳለሁ ብሎ በጀቱን ማጥበብ የለበትም።

አዳር ከመቁጠር የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ መንገዱ ክፍት ነው ወይ? መተከል ዞን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሰው የሞተበትና የተፈናቀለበት ግጭት አሳልፏል። በ2013 ዓ.ም. ዞኑ በኮማንድ ፖስት ሥር ገብቶ ነበር። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የተነሳው ጦርነት ደግሞ የጎጃሙን መንገድ በተደጋጋሚ ዘግቷል። ወለጋም ከዚህ ችግር ነፃ አልነበረም። መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር፣ በከተማው ያለ ዘመድ ወይም የወረዳው አስተዳደር በስልክ ተጠይቆ አስተማማኝ መልስ ካልሰጠ ጉዞው ይዘግይ። የተቀነሰ ወጪ ሁሉ ለሕይወት ምትክ አይሆንም፤ ይህን የሚያህል ቀላል ነገር በጉጉት ምክንያት የሚረሳ ተጓዥ ስላለ ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል።

የዋጋ መለኪያ

በብር የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር ቶሎ ያረጃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባው ዘይት፣ ነዳጅና ስኳር ሲወደድ የሆቴል ሜኑም አብሮ ተለዋውጧል። ስለዚህ የሚበጀው ቋሚ መለኪያ መያዝ ነው። ለኢትዮጵያ መንገድ ከሁሉም የሚሻለው መለኪያ የአንድ የጾም በያይነቱ ዋጋ ነው። በያይነቱ በየትኛውም ከተማ ይገኛል፤ ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና ጥራጥሬ ሁሉም በውስጡ ስላሉ የከተማውን አጠቃላይ የኑሮ ውድነት በአንድ ትሪ ላይ ያሳያል። በዚህ መመሪያ «ገበታ» ሲባል የአንድ በያይነቱ ዋጋ ማለት ነው።

ከጉዞው በፊት በየማደሪያው ከተማ ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ በያይነቱ ስንት ነው፣ መካከለኛ አልጋ ስንት ነው። ትክክለኛውን መልስ የሚሰጡት በመስመሩ የሚመላለሱ ሾፌሮችና ረዳቶች ናቸው። እነሱ በየሳምንቱ ከኪሳቸው እየከፈሉ ስለሚያድሩና ስለሚበሉ የትኛው ቤት ለእንግዳ ዋጋ እንደሚጨምር፣ የትኛው ቤት ሽሮው እንደሚጥም ያውቃሉ። መናኸሪያ ላይ አንድ ሻይ እየጠጡ የሚደረግ የአሥር ደቂቃ ጨዋታ ከብዙ የስልክ ጥሪ ይበልጣል።

ከደጋ ወደ ቆላ ሲወረድ ገበታው እየተወደደ ይሄዳል ብሎ ማቀድ ተገቢ ነው። የጉባ ቆላ ማሽላ፣ ሰሊጥና ባሚያ ያበቅላል፤ ጤፍ፣ ሽንኩርትና ድንች ግን በአብዛኛው ከደጋው በመኪና ተጭነው ነው የሚደርሱት። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚወደደው እንጀራ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ለዕቅድ ያህል ማንኩሽ ውስጥ የሚበላውን ከደጋው ገበታ በሩብ አስበልጦ ማስላት ከድንገተኛ እጥረት ያድናል።

አልጋ

በዚህ መስመር ያለው ማደሪያ በሦስት ዓይነት ሊታይ ይችላል። ዝቅተኛው አልጋ ቤት ነው፤ ጠባብ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ የጋራ መጸዳጃና የጋራ ሻወር፣ ብዙ ጊዜም ፊት ለፊት ቡና ቤት ወይም ግሮሰሪ ያለበት። ቀጥሎ ያለው ፔንሲዮን ሲሆን ክፍሉ የራሱ ሻወር ይኖረዋል፤ ምግብ ግን አይሸጥም። ከሁሉ በላይ ያለው ሬስቶራንትና የመኪና ማቆሚያ ያለው ሆቴል ነው። በደብረ ማርቆስ፣ በነቀምቴና በአሶሳ ሦስቱም ይገኛሉ። ወደ ማንኩሽ በተጠጉ ቁጥር ምርጫው ይጠባል፤ በጀቱም ምርጫ እንደማይኖር ታስቦ መያዝ አለበት።

የአልጋ ዋጋ ሲጠየቅ ተከትለው የሚመጡ ጥያቄዎች አሉ። ዋጋው 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ያካትታል ወይ? በትልልቆቹ ሆቴሎች የአገልግሎት ክፍያም ሊጨመር ስለሚችል ደረሰኙ ላይ የሚመጣውን ድምር አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ቁርስ አብሮ ነው ወይ? ቁርስ የሚያካትት አልጋ ርካሽ ይመስላል፤ መኪናው ከጧቱ 12 ሰዓት የሚነሳ ከሆነ ግን ወጥ ቤቱ ሳይከፈት ተጓዡ ስለሚሄድ ያልበላውን ይከፍላል። እንዲህ ላለው አዳር ያለ ቁርስ የሚሰጠውን ዋጋ መጠየቅ፣ እምቢ ካሉም በምትኩ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ማታውኑ እንዲቋጥሩ መነጋገር ይቻላል። ሁለት ሆነው የሚጓዙ ሰዎች ደግሞ አንድ ክፍል ለሁለት ሰው የሚከራይ መሆኑን ቦርሳ ሳያወርዱ ማረጋገጥ አለባቸው፤ የማይፈቅዱ ቤቶች አሉ፣ የሚፈቅዱትም ዋጋ ይጨምሩ ይሆናል።

ክፍሉን ሳያዩ መክፈል ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ እንደ ከተማው ይለያያል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ብርዳማ ከተማ ስለሆነ የሚፈተሸው ብርድ ልብሱና የመስኮቱ መዝጊያ ነው። ሙቅ ውሃ አለ ከተባለ ቧንቧው ተከፍቶ ይታያል፤ የማይሠራ ማሞቂያ ላለው ክፍል የሙቅ ውሃ ዋጋ አይከፈልም። ግልገል በለስና ማንኩሽ ሲደረስ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚፈተሹት አጎበር፣ ማራገቢያና የመስኮት ወንፊት ናቸው። አጎበሩ ተዘርግቶ ቀዳዳው ይታያል። ማራገቢያው መብራት በርቶ ይሞከራል። ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ማራገቢያ የሌለው ክፍል በግማሽ ዋጋ ቢሰጥም ትርፍ የለውም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ በውሃ፣ በለስላሳና በዕረፍት ቀን መልሶ ይከፍለዋል። በሁለቱም ወገን የፍራሹ ስፌት ለትኋን፣ የበሩ ቁልፍም ለደኅንነት ይታያል።

አንሶላ የሚሆን ነጠላና አንድ ጋቢ በቦርሳ መያዝ ርካሹን አልጋ ቤት ለመኝታ ምቹ ያደርገዋል፤ ጋቢው ለእንጅባራ፣ ነጠላው ለማንኩሽ። የራስ አጎበርም ክብደቱ ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው።

የአልጋ ዋጋ የሚንረው መቼ እንደሆነ ማወቅ ግማሹን ገንዘብ ያተርፋል። በአሶሳ የዩኒቨርሲቲው ምርቃት ሰሞን ከየአቅጣጫው ወላጅ ስለሚጎርፍ ባዶ ክፍል ማግኘት ያስቸግራል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ብዙ ስደተኛ ገብቷል። ከዚያ አስቀድሞም ባምባሲ፣ ጾሬና ሸርቆሌ የስደተኛ መጠለያ ያለባቸው ስፍራዎች ነበሩ። በዚህ ምክንያት የእርዳታ ድርጅቶች ሠራተኞች፣ በወርቅ ማዕድን ሥራ የሚመጡ ሰዎችም ታክለውበት፣ የከተማዋን የተሻሉ ክፍሎች ለረጅም ጊዜ ይይዛሉ። አሶሳ ላይ ከሦስት ሌሊት በላይ የሚቆይ ሰው የሳምንት ዋጋ መጠየቅ አለበት። በቀን ተሰልቶ የሚከፈለውና በሳምንት የሚከፈለው ልዩነት አላቸው፤ ካልጠየቀ ግን ማንም ቀድሞ አይነግረውም። በማንኩሽ በኩል የሚጠበቀው መጨናነቅ ከመሥሪያ ቤትና ከትምህርት ቤት ተሰባስበው ግድቡን ሊጎበኙ የሚመጡ ቡድኖች የሚያመጡት ነው። ቡድን ያለበትን ቀን በስልክ ጠይቆ መሸሽ ይሻላል።

ዋጋ መከራከር ነውር የለውም፤ አነጋገሩ ግን በአክብሮት ሊሆን ይገባል። «ስንት ያደርጉልኛል፣ ሦስት ሌሊት ነው የማድረው» ያለ እንግዳ «ውድ ነው» ብሎ ፊቱን ካዞረው የተሻለ ይቀነስለታል። ክፍያው በአብዛኛው ማታ አልጋው ሲያዝ ስለሆነ ደረሰኝ ወይም በእጅ የተጻፈ ወረቀት መቀበል ጧት ላይ ከሚነሳ ክርክር ይጠብቃል። መታወቂያ ሳያሳዩ አልጋ አይያዝም፤ የውጭ ዜጋ ፓስፖርቱን ይዞ መገኘት አለበት።

ምግብና ውሃ

በመንገድ ላይ ያለው ምግብ ሦስት ጊዜ በሆቴል ከተበላ ከአልጋው ይበልጣል። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ ከቦርሳ እንዲሆን ማቀድ ጥሩ ነው። ለዚህ ደግሞ አገሩ ከጥንት ጀምሮ ያዘጋጀው ስንቅ አለ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ጭኮ። በሶ ውሃና ትንሽ ስኳር ወይም ማር ካገኘ ሙሉ ቁርስ ነው። ዳቦ ቆሎ በሙቀት አይበላሽም። ጭኮ ቅቤ ስላለበት ለደጋው መንገድ ይሁን እንጂ ለቆላው አይመከርም። እነዚህን ከቤት አዘጋጅቶ ወይም አዲስ አበባ ገዝቶ መውጣት የቁርሱን ወጪ ወደ ሻይ ዋጋ ያወርደዋል።

ምሳ የቀኑ ዋና ገበታ መሆን አለበት። አውቶቡሱ የሚቆምበት ምግብ ቤት ሁልጊዜ ርካሹ አይደለም፤ ተሳፋሪው ሌላ አማራጭ እንደሌለው የሚያውቅ ቤት ዋጋውን በዚያው ልክ ያወጣል። ከመንገዱ ጥቂት ርምጃ ገባ ብሎ የከተማው ሰው የሚበላበትን ቤት ማየት ይቻላል፤ ረዳቱ ስንት ደቂቃ እንደሚቆሙ ግን አስቀድሞ ይጠየቃል። ሁለት ሰዎች አንድ በያይነቱ ላይ እንጀራ ጨምሮ መብላት የተለመደ ነው፤ የሚጨመረው እንጀራ ዋጋ ይኑረው አይኑረው ሳይጠየቅ ግን አይታዘዝ። እራት ቀለል ቢል ለኪስም ለእንቅልፍም ይበጃል። ፓስታ፣ ሩዝ፣ እንቁላል ወይም ፉል በዳቦ በየከተማው ይገኛል።

ሥጋን በተመለከተ ቁጥቁጥ መሆን ይገባል። ጥብስ ከበያይነቱ ብዙ እጥፍ ስለሚያወጣ በጀት የሚያፈርሰው እሱ ነው። በቆላው ሙቀት ደግሞ የመብራት መቆራረጥ ሲጨመርበት ማቀዝቀዣ ውስጥ የቆየ ሥጋ ያሰጋል። ሥጋ መብላት የፈለገ ሰው ገበያው በደመቀበትና ከብት በታረደበት ቀን፣ በደንብ የበሰለውን ይብላ። የዓባይና የንጋት ሐይቅ ዓሣ ሲገኝ ትኩስ ከሆነ ጥሩ ምርጫ ነው።

የጾም ቀናት በበጀት ውስጥ መግባት አለባቸው። በጎጃም መስመር ረቡዕና ዓርብ፣ በተለይም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ብዙ ምግብ ቤት የፍስክ አይሠራም። ለቆጣቢ ተጓዥ ይህ መልካም ዜና ነው፤ በያይነቱ ትኩስና በብዛት የሚገኝበት ጊዜ ነውና። አሶሳ ግን ብዙ ሙስሊም ነዋሪ ያላት ከተማ ናት፤ የበርታ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በረመዳን ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል ወይም ይቀዘቅዛል፤ ከመግሪብ በኋላ ደግሞ ከተማው ይደምቃል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ስለጀመሩ በዚያ ሰሞን የተጓዘ ሰው በአንዱ ከተማ ሥጋ፣ በሌላው ምሳ ያጣ ነበር። ሁለቱ ጾሞች ሲገጣጠሙ የስንቁን መጠን በእጥፍ ማድረግ ይገባል።

የአካባቢው ምግብ ራሱ በጀት ይረዳል። በአሶሳ ማንጎ በወቅቱ፣ በተለይ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ በብዛትና በርካሽ ይሸጣል፤ የማታውን ፍራፍሬ ከዚያ በላይ የሚያሟላ የለም። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ በበርታም በጉሙዝም ቤት የዕለት ምግብ ነው። ክረምት ላይ የቀርከሃ ቡቃያ ይበላል። ይህን ማዕድ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሆቴል የገባ ሳይሆን ቤት የተጠራ ነው። ቤት የተጠራ እንግዳ ደግሞ ገንዘብ ቢያወጣ አስተናጋጁን ሊያሳፍር ይችላል። ቡና፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል ወይም ሳሙና ይዞ መሄድ የተሻለ ነው፤ ለዚህም ከመነሻው ጥቂት ብር መመደብ አለበት። የሰው ግብዣ ግን በበጀት ውስጥ እንደ ቁጠባ መቆጠር የለበትም። ማሽላውን አምርቶ የሚኖር ገበሬ ከጎተራው ሲያካፍል ለተጓዡ ወጪ መሸፈኛ ብሎ አይደለም።

ውሃ በደጋው ብዙ አይታሰብም፤ በጉባ ግን ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ቆላው ላይ አንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል መጠጣቱ የተለመደ ነው። ይህን ሁሉ በታሸገ ውሃ መሸፈን በአንድ ሳምንት ውስጥ የአንድ አዳር ገንዘብ ያህል ሊወስድ ይችላል። ርካሹ መንገድ ሁለት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይዞ፣ ከሆቴሉ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ መጠየቅ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን ውሃ አጋር በትእዛዙ መሠረት መጠቀም ነው። ላብ ለሚያወጣው ጨው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከረጢቶች መያዝ ከለስላሳ መጠጥ ይረክሳል፣ ይበልጥም ይጠቅማል።

መጠባበቂያ

ያለ መጠባበቂያ የተሠራ በጀት በዚህ መስመር በጀት አይባልም። ለመዘግየት ሦስት ምክንያቶች ይጠበቃሉ፤ የመንገድ መዘጋት፣ የክረምት ዝናብና ወባ። ዝናቡ በዋናነት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ዝናቡ ሲያበቃ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ይበረታል። ከደጋ የመጣ ሰው ለወባ የመከላከል አቅም ስለሌለው ከመነሳቱ በፊት ሐኪም አማክሮ የመከላከያ መድኃኒት ቢወስድ መልካም ነው። ትኩሳት ከተሰማው ቀን ሳይቆጥር ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። የምርመራውና የሁለት ቀን ዕረፍቱ ገንዘብ ከመጠባበቂያው ይወጣል።

ትንሹ መጠባበቂያ ውዱ ከተማ ላይ የሚታደር የሁለት ሌሊት ሙሉ ወጪ ነው። አማካይ ተወስዶ የሚሠራ መጠባበቂያ ይጎድላል፤ ሰው የሚታገተው ብዙውን ጊዜ ከመንገዱ ጫፍ ላይ፣ ሁሉም ነገር በተወደደበት ቦታ ነውና።

አንድ የስሌት ምሳሌ

የሚከተሉት ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው፤ ተጓዡ በጠየቀው ዋጋ ይተካቸዋል። ገበታው 200 ብር፣ ማንኩሽ ውስጥ 250 ብር ነው እንበል። የመንገድ ላይ አልጋ የሦስት ገበታ ዋጋ፣ ማለትም 600 ብር፣ የማንኩሹ በደጋው ዋጋ የአራት ገበታ፣ ማለትም 800 ብር ይሁን። ጉዞው 8 ቀንና 7 አዳር ነው፤ ሲሄድ አንድ እንጅባራ፣ አንድ ግልገል በለስ፣ ሦስት ማንኩሽ፣ ሲመለስ አንድ ግልገል በለስ፣ አንድ እንጅባራ።

አራቱ የመንገድ አዳሮች 2,400 ብር፣ ሦስቱ የማንኩሽ አዳሮች 2,400 ብር፣ በድምሩ አልጋው 4,800 ብር ይሆናል። በ8 ቀን 16 ምሳና እራት አለ። ከነዚህ 5ቱ ማንኩሽ ውስጥ ቢበሉ 1,250 ብር፣ የቀሩት 11 ደግሞ 2,200 ብር ይፈጃሉ። ቁርስ በግማሽ ገበታ ሂሳብ 800 ብር፣ ሻይና ቡና በቀን 50 ብር ታስቦ 400 ብር ነው። ውሃው 5 የቆላ ቀን በ4 ሊትር፣ 3 የደጋ ቀን በ2 ሊትር ሲሰላ 26 ሊትር፣ ማለትም 13 ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይሆናል። አንዱ 40 ብር ቢሆን 520 ብር ነው። ምግብና መጠጡ 5,170 ብር፣ ከአልጋው ጋር 9,970 ብር ደረሰ ማለት ነው።

መጠባበቂያው በማንኩሽ ዋጋ ይሰላል። አልጋ 800፣ ሁለት ገበታ 500፣ ቁርስ 100፣ ሻይና ቡና 50፣ ውሃ 80፣ በአንድ ቀን 1,530 ብር፤ ለሁለት ቀን 3,060 ብር። አጠቃላይ ድምሩ 13,030 ብር፣ በገበታ ሲለካ ከ65 ገበታ በጥቂቱ ይበልጣል። ተጓዡ ሊይዘው የሚገባው ቁጥር ይህ 65 ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ በያይነቱ 240 ብር ገብቶ ቢያገኘው ብሩን እንደገና ከመጀመሪያው ማስላት አያስፈልገውም፤ 65 ጊዜ 240 ሲያባዛ የሚያስፈልገው ወደ 15,600 ብር ማደጉን ወዲያው ያያል።

ከዚህ መቀነስ የሚፈልግ ሰው የሚቀንስበት ቦታም ከስሌቱ ይታያል። ቁርሱን በበሶ ቢተካ፣ ውሃውን ቢያክም፣ መኝታውን ለሁለት ቢካፈል ለውጡ ጉልህ ነው። ከመጠባበቂያው ላይ መቀነስ ግን አይፈቀድም።

ገንዘቡን መያዝ

ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የመንገደኛውን ሸክም አቅልሎታል፤ በትልልቆቹ ከተሞች አልጋም ምግብም በስልክ ይከፈላል። ነገር ግን ኔትወርክ ወይም መብራት ሲጠፋ ስልክ ገንዘብ መሆኑ ይቀራል። ከቻግኒ ወዲያ የሚታለፈው መንገድ ቢያንስ የአራት አዳር ወጪ በጥሬው ተይዞ ቢሆን ይመረጣል። ብሩ በሦስት ቦታ ይከፈላል፤ የዕለቱ በኪስ፣ የጉዞው በልብስ ውስጥ፣ መጠባበቂያው በቦርሳው ውስጥ በማይደረስበት ስፍራ። ባለ 10 እና ባለ 50 ብር ኖት በብዛት መያዝ «መልስ የለም» በሚል የሚቀረውን ገንዘብ ያድናል።

ከውጭ የመጣ ተጓዥ ዶላሩን ወይም ዩሮውን አዲስ አበባ በባንክ ዘርዝሮ ደረሰኙን ይዞ መውጣት አለበት። የውጭ ባንክ ካርድ በሩቅ ወረዳ ይሠራል ብሎ መተማመን አይቻልም።

በየማታው ከመተኛት በፊት የዕለቱን ወጪ በሁለት መስመር፣ አልጋ አንድ ላይ፣ ምግብና ውሃ አንድ ላይ፣ መጻፍ ያስፈልጋል። ሁለት ቀን ተከታትሎ ከዕቅዱ ያለፈ ወጪ በሦስተኛው ቀን ይታረማል፤ እስከ ጉዞው መጨረሻ የተጠራቀመ ግን የሚታረምበት ቀን አይኖረውም።

ድንበር ለሚሻገር

ከማንኩሽ ወደ ምዕራብ፣ ሱዳን ቅርብ ናት። ጦርነቱ እያለ ግን በዚያ በኩል ለጉብኝት መሻገር የሚታሰብ አይደለም። በየብስ ወደ ውጭ መሄድ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ የሚቀለው በሞያሌ ወደ ኬንያ ነው፤ ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገውም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን ይዞ መገኘት ይበጀዋል።

የገበታው መለኪያ እዚያም ይሠራል፤ የሚለወጠው ትሪው ብቻ ነው። ናይሮቢ ላይ በያይነቱን የሚተካው አንድ ሳህን ኡጋሊ ከሱኩማ ዊኪ ጋር ነው። ኢስሊ በተባለው ሰፈር የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ሞልተዋል፤ እንጀራው ግን ከአገሬው ምግብ ስለሚወደድ ለየቀኑ ሳይሆን ለናፍቆት ቀን መተው አለበት። በማደሪያ በኩል በኬንያ ከተሞች አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ አልጋ ተደርድሮ በአልጋ ሂሳብ የሚከራይበት የወጣቶች ማረፊያ አለ። ብዙዎቹ ወጥ ቤታቸውን ለእንግዳው ክፍት ስለሚያደርጉ ከገበያ ሩዝና አትክልት ገዝቶ መቀቀል ይቻላል። እንዲህ ባለ ቤት ያደረ ሰው የእቃ ማስቀመጫ ቁልፉን ራሱ ይዞ ይሂድ።

በበጀቱ ላይ አዲስ የሚመጣው ወጪ የምንዛሪ ኪሳራ ነው። ብር ወደ ዶላር፣ ዶላር ወደ ሽልንግ ሲዘረዘር በሁለቱም ጊዜ ጥቂት ይቀራል። ስለዚህ ለሚያስፈልገው ቀን የሚበቃውን ብቻ መዘርዘር፣ ሲመለሱም ሞያሌ ከመድረስ በፊት ሽልንጉን ለመጨረሻው አዳርና ለመጨረሻው ምሳ ከፍሎ መጨረስ ይሻላል።